ያልተቋጠረ ክር

ሰኞ፣ ጥር ወር ነው፣ ኤድመንተን ላይ ነግቷል፤
ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት፣ ብርዱ ቁልቁል ወርዷል።
ከጥርስ ሐኪሙ ሥር ሱቄን ከፈትኩና
የቅዳሜውን ሱሪ አየሁት፤ ጠርዙ አልታጠፈም ገና።

ዶሮ ፋብሪካ ሳለሁ አለቃ ነበረኝ፣
ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ሰዓት ይዞ የሚጠብቀኝ።
የራሴን ሱቅ ስከፍት «ነጻ ወጣሁ» አልኩኝ፤
አለቃዋም እኔ፣ ሠራተኛዋም እኔ፤
ሁለት ሆኜ አረፈድኩኝ።

ዛሬ ግን አንድ ነገር ልሞክር ብያለሁ፤
ጊዜዬን እንደ ሰው ወገብ እለካዋለሁ።
በሜትር ሳይሆን በእርሳስ፣ በንድፍ ወረቀት ጀርባ፣
አንዷም ደቂቃ ሳትቀር ስትወጣም ሆነ ስትገባ።

ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፦ የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ ገለበጥኩ፤
ነጩን ከነጭ፣ ቡኒውን ከቡኒ ለየሁ፣ ደረደርኩ።
ማን ጠየቀኝ? ማንም። ግን እጄ ሥራ ይዟል፤
በመስኮት ያየኝ ሁሉ «በርቺ!» ብሎኝ ያልፋል።

ከአራት እስከ አምስት፦ የስም ካርዴ ጉዳይ፤
ሰማያዊው ያምራል? ወይስ ሐምራዊው ይታይ?
ለሦስተኛ ጊዜ ፊደሉን ቀየርኩት፤
የስልክ ቁጥሬን ግን ከነጭራሹ ረሳሁት።

ከአምስት እስከ ሰባት፦ አንዲት ዚፕ ፍለጋ
ወንዙን ተሻገርኩኝ፤ በረዶ መንገዱን ዘጋ።
ሁለት ዶላር ከሃምሳ የምትሸጥ ዚፕ ናት፤
አምና ደርዘን ገዝቼ ቢሆን ዛሬ ባልሄድኩላት።

ሂሳብ ያዤ ኦሌና በሰባት ሰዓት ገባች፤
ሳትቀመጥ አንዲት መሥመር በጣቷ ነካች።
«ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ፣ ከመስከረም ጀምሮ።
ይህን ገንዘብ ማን ይጠይቅ? ቁልፉ ወይስ ቆርቆሮ?»

እትዬ ሙሉጎጃም! የሰርግ አዳራሽ ያላት፣
ሰማንያ የወንበር ልብስ በመስከረም የሰፋሁላት።
እንዴት ብዬ ልደውል? ስወልድ ገንፎ ይዛ የመጣች፣
የአባቴ መርዶ ቀን ከኔ ጋር ያነባች!
«ለምናምን ብር ብላ!» ሰው ምን ይለኛል?
ይሉኝታ እንደ ጠባብ ኮሌታ አንገቴን ያንቀኛል።

ያኔ ነው የገባኝ፤
ቁልፉ፣ ካርዱ፣ ዚፑ፣ ወንዝ ማዶ መመላለሱ፣
ስንፍና አልነበረም፣ ፍርሃት ነው፤ ሥራ ነበር ልብሱ።
እንደ ጀማሪ ሰፊ፣ ጫፉን ሳትቋጥር ክሯን፣
ስትወጋ ስትስብ ውላ፣ ባዶ እንደምታገኝ ጨርቋን፤
መርፌው ይሄዳል፣ ይመጣል፣ እጅ ይደክማል፣ ይዝላል፣
ክሩ ግን ምንም ሳይዝ በገባበት ይወጣል።

ደወልኩ።
«አቤት!» አለች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
ስለ ብርዱ ልጀምር ስል ምላሴን ያዝ አደረግሁ።
«እትዬ፣ የወንበሮቹን ሂሳብ ነበር» አልኳት።
ዝም አለች፤ እስከ ሰባት ቆጥሬ ጠበቅኳት።
«ግማሹን ዓርብ» አለች፣ ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሎ፤
«ቀሪው ሁዳዴ ሲገባ።» ስልኩ ተዘጋ ቶሎ።

አራት ደቂቃ። ወረቀቴ ላይ ጻፍኩት።
አራት ወር ነው የሸሸሁት።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጉንጯን ትሰጠኝ ይሆናል፤
ዓይኗን ግን ትነሣኛለች፤ እሱም ይቻላል።
ከዚያ ሱሪው ታጠፈ፣ የአስተማሪዋ ኮት ጠበበ፣
የሆኪ ተጫዋቹ ማሊያ ቀዳዳው ተሰበሰበ።
የቀረው ቁልፍ እንደተዘበራረቀ ይደር፤
ቡኒ ከነጭ ጋር ቢተኛ ማን ሊታመም ነበር?

አንድ ነገር ግን አልጻፍኩም፦ ሊመሽ ሲል፣ አሥር ሰዓት ላይ፣
መቀሴን አስቀምጬ በመስኮቴ ወደ ውጭ ሳይ፣
አንድ ሽማግሌ በረዶ ሲዝቅ፣ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲዝቅ፣
አካፋው ላይ ተደግፎ ለብቻው ከት ብሎ ሲስቅ፤
ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልለካሁትም።
ኦሌናም ብትጠይቀኝ
አልነግራትም።