ብል የበላው ገጽ

ሙሴ ፋኑሪ ሲሄድ፣ ባቡሩ ሲያፏጭለት፣
ልብስ ነው ያልኩት ሣጥን መጽሐፍ ነበረበት።
ፊደል ያስቆጠረኝ ከወይራ ዘይት ጣሳ፣
ደንበኛ በሚጠፋበት ሰዓት ነው፤ ከምሳ
እስከ አሥር፣ ከዚራ በሙቀት ስትተኛ፤
እኔ ተላላኪ፣ እሱ ባለሱቅ፣ ስደተኛ።
ያን ጊዜ ማን ያውቃል ከጣሳ ምን እንዲበቅል?
ሳድግ ሣጥኑን ከፈትኩ። ከላይ የነበረው ጥቅል፦
ስሙ የጠፋ የአቴና ሰው፣ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎት፣
ለሳቅ የጻፈው ተውኔት፤ መጨረሻውን ብል በልቶት።

አሥራ አንድ ክረምት ፈጀብኝ ሰባ የማይሞላው ገጹ።
ካባ ደረብኩለት፤ ጋሪ ነጂው እንኳ ሲሳደብ
እንደ ዲያቆን ሆነ ድምፁ።
ግርጌው ላይ ማስታወሻ፤ ከማስታወሻው ሥር ማስታወሻ።
አሳታሚው በእጁ መዘነው፤
‹ጋሼ፣ ይሄ ለማን ነው?› አለኝ በመጨረሻ።

መልሱን ያገኘችው ሂንዲያ ናት፣ ጨርቅ ሻጯ፣ የታይዋን።
በረንዳ ላይ ሳነብ ሰማችኝ፣ እያስተኛች ልጇን።
ሕፃኑ ቀድሞ ተኛ፤ እሷም ተከተለች።
ኬላው ጋ ስደርስ ግን ዓይኗን ገለጠች።

‹ኬላ አለበት?›
አለበት። ጨርቅ ነጋዴ
አሽከሩን በጨርቁ ገንዞ፣ ‹አባቴ!› እያለ በዘዴ
በቀራጭ ፊት ሊያልፍ ነው፣ ቅጥር አልቃሾች ይዞ።
‹መጸብሓዊ› ብዬው ነበር፤ በግርጌ ማብራሪያ ደንዝዞ።
‹ማነው እሱ?› አለችኝ። ‹ቀረጥ ተቀባይ ነው፣ በር ላይ።›
‹ፊናንስ አትልም ታዲያ!› ሳቋ ተሰማ ከታች፣ ከላይ።

በማግስቱ ሮብሌን ጠራች፤ ባጃጁን አቁሞ መጣ።
ኢፍቱም፣ ከቀፊራ፣ ቲማቲሟን ሸጣ ስትወጣ።
ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ የበረንዳው ጥላ ሲረዝም፣
አነባለሁ፤ ያቋርጡኛል፤ አንድም ሰው አይል ዝም።

‹አልቃሾቹ ስንት ናቸው?› ‹ሁለት።› ‹ሁለት ማን ያምናል?
ለአባት ለቅሶ ሁለት ሴት? ፊናንሱ ወዲያው ይነቃል!›
‹እኛማ በእርግዝና ነው› አለች፣ ደርባ ሰባት ድሪያ
ኬላ ያለፈችው፣ ‹ምጤ መጣ!› ያለችው ሂንዲያ።
ሮብሌ ደግሞ ሬሳው እንዲያስነጥስ ፈለገ፤
‹መጽሐፉ ላይ የለም› ስለው፣ አኩርፎ አፈገፈገ።

እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። ቃሉን መቀየር እችላለሁ፤
ካባውን አስወልቄ ሸሚዝ አለብሰዋለሁ፤
ሬሳ ግን አላስነጥስም። የሙት ዕዳ አለብኝ፤
እሱ ያላለውን ባክል፣ ያ ጣሳ ነው የሚፈርድብኝ።

አሥራ አንድ ክረምቱን ፍቄ በሰባት ወር ጻፍኩት፤
‹ወዮ›ን ‹ወይኔ›፣ ቀራጩን ፊናንስ አልኩት።
አልቃሾቹን ግን አልነካሁም፤ ሁለት ብሏል፣ ሁለት ናቸው።
ለምን ሁለት? ሊቃውንቱ እንኳ ግራ ገብቷቸው
በግርጌ ሲጨቃጨቁ፣ ኢፍቱ ሳንቲም እየቆጠረች፣
‹ንፉግ ነዋ! የሦስተኛዋን ሒሳብ ቆጥቦ ነው› አለች።

ዝም አልኩ። ከዚያ በረንዳው በሳቅ ተናወጠ።
ያ ሁሉ ዘመን የተኛ ቀልድ ከእንቅልፉ ብድግ አለ፣ ተቀመጠ።
ደቻቱን ያየ ያውቃል፦ ደረቅ አሸዋ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፤
ውሃው ግን ሌላ አገር ዘንቦ ይመጣል፣ ድንገት፣ ከላይ።

ከዚያ ፊናንሱ ቀረበ፤ እጁን ወደ ከፈኑ ሰደደ፤
እዚህ ላይ ነው ብሉ የበላው። ሁሉም ‹ከዚያስ?› እያለ ፈረደ፤
ሂንዲያ ‹አለፈ› ትላለች፣ በልጇ ስም እየማለች፤
ኢፍቱ ‹ንፉግ አያልፍም› ብላ ቅርጫቷን አነሳች።
እኔ አላውቅም። ማንም አያውቅም።
ግማሹን ገጽ ነጭ ተውኩት።
የጻፈውን ሁሉ ሰጠሁ፤ ያልጻፈውን ግን አልሰጠሁት።

ትናንት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የማላውቀው ልጅ አስቆመኝ፦
‹አባባ፣ ያ ሰውዬ አለፈ ወይስ ተያዘ?› ብሎ ጠየቀኝ።