ምልክቱ

የካቲት ነው። ውርጩ ገና ከጥጡ አገዳ አልረገፈም፤
ከበቅሎዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ያልነካው አልተረፈም።
መርማሪው ሌምዩል ታርፕሊ ከፊቴ ኮርቻ ላይ ያዛጋል፤
«ለሬሳው አሥር ዶላር፣ መንገዱም በማይል ይታሰባል።»
የቀለሙን ብልቃጥ እኔ በብብቴ ውስጥ አሙቃለሁ፤
ቀለም ከበረደው አይጽፍም፤ ከሥራዬ ይህን አውቃለሁ።

ከወፍጮው ግድብ አጠገብ፣ ከጎተራው በነቀሉት መዝጊያ፣
አጋድመው አቆዩን። ስሟን ጠየቅሁ። «ኬዛያ።»
ከመከራው በኋላ ለኢዮብ ከተወለዱት የአንዷ ስም፤
ማን እንዳወጣላት ግን ያስታወሰ ሰው የለም።
በመዝገቤ የሰፈረው፦ «ሴት፣ ዕድሜዋ ሃያ አራት ግድም፤
የባለርስቱ ንብረት፤ ግምቷ ስምንት መቶ።» ከዚያ ወዲያ ምንም።

ሕጉ አሥራ ሁለት ሰው ይላል። አሥራ አንድ ነው የተገኘው፦
አንጥረኛው፣ ባለሱቁ፣ ሁለት ወንድማማች፣ ጥርሱን ያመመው
ገበሬ፣ ዲያቆኑ፣ ሌሎችም። ታርፕሊ ዙሪያውን ቃኘና፣
«ኢኖክ» አለ፣ «አንተም ሰው ነህ፤ ቁጥሩን ሙላልኝ፣ ና!»
የእርሻው አዛዥ ኢኖክ ስትሮድ ጅራፉን ካጥሩ ሰቀለ፤
መዳፉን በሱሪው ጠርጎ፣ ወንጌሉን ይዞ ማለ።
ለፍየሏ ደም ነብር ዳኛ፣
አልሁ በሆዴ። ሆዴ ደግሞ ለማንም አይናገርም።

ሐኪሙ ክሬንሾ ደረቷን ከፍቶ ሳንባዋን ዳሰሰ፤
«ውኃ አልቀመሰም» አለና ወዲያው ድምፁን ቀነሰ።
ባንገቷ በአንዱ ጎን አራት ጣት፣ በሌላው አንድ አውራ ጣት፣
እንደ በሰበሰ እንጆሪ ጠቁረው። ዲያቆኑን አማረው ጸሎት።

ሽማግሌው ፕራይመስ፣ ወፍጮውን ሌሊት የሚጠብቀው፣
ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት መጣ።
«ጌታዬ፣ እኔ ትናንት ማታ…»
ታርፕሊ አልተቆጣም። ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነበር ድምፁ፦
«አጎቴ፣ ሕጉን ታውቀዋለህ፤
ያንተ ዓይን በነጭ ሰው ላይ አያይም።»
ፕራይመስ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ።
ውኃውም አይቷል፣ የወፍጮው መንኮራኩርም አይቷል፤
እነርሱም የሰው ናቸው፤ ማን ያስምላቸዋል?

ከጎተራው ጀርባ መከሩ፤ አንድ ፒፓ ተጭሶ ሳያልቅ ተመለሱ።
ዲያቆኑ ተናገረ፣ እኔ ጻፍሁ፦
«የሞተችው በእግዚአብሔር ጉብኝት እንጂ በማንም ሰው እጅ አይደለም።»
እግዚአብሔር በሌሊት ነው የሚጎበኘው?
ቦት ጫማ አድርጎ? ውስኪ ውስኪ እየሸተተ?
ይህን አልጻፍሁም። የሚከፈለኝ በገጽ ነው፤
ለጥያቄ የተመደበ ሒሳብ የለም።

አንድ በአንድ ፈረሙ። የአንጥረኛው ፊደል ፈረስ ያህላል።
ስትሮድ ፊደል አይቆጥርም፤ ብዕሩን እንደ መጥረቢያ ጨብጧል፤
አውራ ጣቱ ሰፊ ነው፣ ጥፍሩም መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ፤
መስቀል አሰመረ፣ ወረቀቱ ከሥሩ እስኪላቀቅ እየደቀደቀ።
ልማዱ እንደሚያዘው፣ እኔም ከጎኑ ጻፍሁበት፦
«ኢኖክ ስትሮድ። ምልክቱ ይህ ነው።»

ብዕሬ ቆመች።
ቀና ብዬ አንገቷን አየሁ።
ዝቅ ብዬ መስመሩን አየሁ።
በዚያ ቀን ከጻፍሁት ሁሉ ያልዋሸው ይህ ብቻ ነበር፤
ያንንም ያስጻፈኝ ልማድ እንጂ ልቤ አልነበር።
ሰሙን በሻማ አቅልጬ አሸግሁት፤
ወርቁን የሚፈታ ከመጣ፣ ይፍታው።

መዝጊያውን አጥበው ወደ ማጠፊያው መለሱት።
ፕራይመስ መቆፈሪያ ይዞ ወደ ጥዱ ሥር ሄደ፤ ማንም ሂድ አላለውም።
ስንወጣ ታርፕሊ በቅሎውን ገታ አድርጎ ዞረ፦
«መንገዱ ስንት ሆነ?»
«ደርሶ መልስ ሃያ ሁለት ማይል።»
«ሃያ አራት በል» አለኝ።

ጻፍሁ።