ማጠፊያው ሥር

ዝናቡ ሲያባራ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ጎርፉ እየወረደ፣
የእትዬ ጠጅነሽ ዣንጥላ በራችን ላይ ተርገደገደ።
በሩ ቀይ ቁጥር አለው፣ ለማፍረስ የተጻፈ፤
ሳያነቡት ገቡ፤ የነጠላቸው ጫፍ ታክኮት አለፈ።

ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፈቱና፣
አንዲት ሣጥን አኖሩ፣ በክብሪት ቀፎ ቁመና።
«ሙሴ ጋስፓር ናቸው፣ ሲሞቱ የሰጡኝ፣
ሠላሳ ዓመት ሸሚዝ ተኩሼላቸው በዚህ የሸኙኝ።
የፈረንሳይ ንጉሥ አንጥረኛ እጅ ናት ይሉ ነበር ሲጠጡ፤
ወርቅ ከሆነች ንገረኝ፣ ካልሆነችም ንገረኝ፤
ሌሎቹ ሊያታልሉኝ ቃጡ።»

አባቴ ቀጸላ መነጽሩ ላይ ሌላ መነጽር ተከለ፣
የታማሚ ልብ እንደሚያዳምጥ ሐኪም ዝም አለ።

ክዳኗ ላይ ሴት አለች፣ በጎች የምትጠብቅ፣
ባለ ተረከዝ ጫማ፣ ቀሚሷ ከበጎቹ የሚደምቅ።
«እንዲህ ለብሳ በግ ጥበቃ? ጭቃውሳ?» አሉ እትዬ፤
አባቴ አልሳቀም። እኔ ሳቅሁ፣ አፌን በእጄ ከልዬ።

ጎኗ ላይ ቅጠል፣ ቅጠሉ ላይ ጤዛ፣
ጤዛው ከአንዲት ጤፍ ሩብ የማይበዛ።
ማጠፊያዋ አሥራ አንድ ቀለበት፣ አንዱ ባንዱ ገብቶ፣
ጥፍር የማይዘው፣ ዓይን የሚስተው፣ ከጠርዙ ጋር ተኝቶ።
ስድስተኛው ተሰብሯል፤ ክዳኗ ሲከፈት ያነክሳል።
«ሱረት ነበረባት» አለ አባቴ፣ አሽትቶ፤
«የሞተ ጌታ ሱረት ዛሬም ያስነጥሳል።»
አስነጠሰም።
«ይማርህ» አሉ እትዬ።

ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ወጣ። ጠርዟን በስሱ ፈተገ፣
ጭረቱ ላይ አሲድ፣ አንዲት ጠብታ፣ ጠብ አደረገ።
ቢጫው አረፋ ደፈቀ፣ አረንጓዴ ሆኖ ሟሸሸ፤
የእትዬ ጠጅነሽ ፊት፣ ገና በአሥር ሰዓት፣ መሸ።
«መዳብ ናት። ወርቁ ላይ ላዩን ነው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ።»

ትምህርት ቤት የነገሩኝ ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከሥር ነበረ፤
ይቺ ወርቋን ከላይ ለብሳ፣ ታዲያ ሰሙ የት ቀረ?

እኔ ይህን ሳስብ አባቴ ክዳኗን ገለበጠ።
እና ቆመ። የማይንቀጠቀጥ እጁ ተንቀጠቀጠ።
ከውስጥ፣ ከጥጉ፣ አንዲት ዘውድ፤ ከዘውዷ ሥር ሁለት ፊደል፣
የሠሪው ስም።
ዘውድ ሥር ስምን ማኖር! ምን ያለ ዕድል።

«ቅድመ አያቴ ድንበሩ» አለ፣ ለእኛ አይደለም፣ ለሣጥኗ ብቻ፣
«ሠራተኛ ሰፈር አስፍረው ያሠሩት ነበር፣
የጋሻ ጌጥ፣ የበቅሎ ኮርቻ።
ቀን ጌጡን ያደንቁና ማታ ጅብ ይሆናል ይሉታል፣
የጠጣበትን ቅል ይሰብሩታል።
ስሙን አንድ ቦታ አልጻፈም። አንድም ቦታ።
መስቀሉ ላይ የአሠሪው ስም አለ፤ የእሱ ድርሻ ዝምታ።»

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ስንት ታወጣለች?»
«በሚዛን ከሆነ የአንድ ቀን ምሳ አትሆንም፤
በእጅ ሥራ ከሆነ ከዚህ ሱቅ ትበልጣለች።»
«እንግዲያው ጠግናት፤ የግፊት ክኒኔን ልያዝባት።»

ሦስት ቀን ወገቡ ታጠፈ።
መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ባትሪ ይዤ ቆምኩለት።
ስድስተኛዋን ቀለበት ጠመጠመ፣ ሞረደ፣ መልሶ ጣለ፤
አራተኛዋ ሙከራ ገባች።
«ለካ እንዲህ ነው» አለ፣
ለማይሰማው ፈረንጅ።

ሽቦዋን ሳይሰካ በፊት፣ በመርፌ ጫፍ፣ ማጠፊያው ሥር፣
ማንም በማያየው፣ ቢፈታ ብቻ በሚገኝ ስንጥር፣
«ድ» ብሎ ጫረ።
አላየሁም አልኩ። ባትሪው ግን በእጄ ነበረ።

ቅዳሜ መጡ እትዬ። ከፈቱ። ዘጉ። ከፈቱ።
ጠቅ።
«ድሮ እንዲህ አትልም ነበር» አሉ፣
ክኒናቸውን ባንድ ባንድ ከበጎቹ ሥር እየከተቱ።
ወጡ፣ በሩ ላይ ያለውን ቀይ ቁጥር ዛሬም ሳያነቡ፤
መቀነታቸው ውስጥ ድንበሩና ያ ፈረንጅ
አብረው ታክሲ ገቡ።