ተራ ቁጥር ሰባት

«ቤቶች!» ብዬ ጠራሁ፣ እንደ አገሩ ወግ፣
ከደቻቱ ዳር፣ ከቆርቆሮው ጥግ።
«ቤቶች አይደለንም፣ አንድ ክፍል ነን፤ ግባ»
አለች ኢፍቱ ዩያ፣
የሳምቡሳው ሊጥ ከጣቷ ሳይለቅ፤
«ጀሪካኑ ላይ ቁጭ በል፣ ብቻ እንዳይሰነጠቅ።»

ቅጹ ሃያ ሦስት ጥያቄ ነው፣
የቤት ፍላጎት ጥናት፣ ከላይ ማኅተም ያለው።
የግድግዳ ዓይነት፣ የጣራ ዓይነት፣
ውሃው ከቦኖ ነው ወይስ ከጎረቤት፣
መጸዳጃው የግል ነው ወይስ የጋራ?
(«የጋራ ነው» አለች፣ «ከወንዙ ጋራ።»)
እስከ ስድስት ድረስ እየሳቅን ሄድን፤
ሰባት ላይ እኔና እስክሪብቶዬ ቆመን ቀረን።

«በዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?»
«የሚያድረውን ነው? የሚውለውስ?»
«ማደሩን ብቻ ነው የሚጠይቀው።»
«እንግዲያ አራት በል። እናቴ፣ እኔ፣ ሁለቱ ልጆች።
ሙሜ ወንድሜ ግን የሲሚንቶ ፋብሪካ ዘበኛ ነው፣
ጎህ ሲቀድ ይገባል፤
ሲቲና ሚስቱም ዳቦ ቤት አድራ ትመጣለች፣
ቅንድቧ ዱቄት፣ ወሯም ገብቷል።
ፍራሹን እንደሞቀ እናስረክባቸዋለን፣
ማታ እንደሞቀ ይመልሱልናል።
በድሬ ሙቀት፣ አቦ!
ይህንንም ጻፈው።»

ሣጥኗ ሽንብራ ታህላለች።
«4» ብዬ ሞላኋት፤ ከአጥሯ ውጭ ደግሞ
«2 ይውላሉ» አልኩ፣ በደቃቅ ፊደል።

ከዚራ፣ ቢሮ፤ ማራገቢያው ይንቋቋል፣ አየሩ አይነቃነቅም።
ኢንጂነር ምንተስኖት ደግ ሰው ነው፣
ሻዩን ሳያጋራ አይጠጣም።
«ኮምፒዩተሩ ይውላሉ የሚል ቋንቋ አያውቅም» አለኝ፣
እያዘነ።
በአንዲት ጭረት ሁለቱን ሰዎች ከፍራሻቸው አንሥቶ
ቀትር ላይ አወጣቸው።
የአሥር ዓመቱ ዕቅድ በአራት ተባዛ።

ስብሰባው በአዳራሽ፣ ካርታው በግድግዳ።
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሚለብሰው ወንዝ
እዚያ ሰማያዊ ነው፣ እንደ ባሕር፤
ግራና ቀኙ አረንጓዴ፣ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር።
ጋሽ ኪሮስ ተነሡ፣ የድሮ የሼሚናፌር ሰው፣
እንደ ፉርጎ እየተንገጫገጩ፦
«አታንሱን አልልም።
ውሃው ባለርስት ነው፣ በሌሊት መጥቶ አሳይቶናል።
አሸዋውን ወስደን ብሎኬት አደረግነው፣
እሱም ብሎኬቱን አሸዋ አድርጎ ይወስዳል፤ ሒሳብ ነው።
እኔ የምለው፣
አረንጓዴውን ከመቀባታችሁ በፊት
ቁልፉን አሳዩን።»

ጭብጨባ ሆነ። ኢፍቱ ከኋላ እጇን አወጣች፦
«አዲሱ ቦታ ከሳቢያን ወዲያ ነው አላችሁ፤
ከዚያ እስከ ፋብሪካው በሌሊት ባጃጅ ስንት ነው?
ይህ ስንተኛው ቁጥር ላይ ነው ያለው?»

ማይክሮፎኑ ፉጨት አወጣ። ሰዓቱም ደርሶ ነበር።
«ነዋሪዎች ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል»
ይላል ቃለ ጉባኤው።
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣
ጽሕፈቴም ቆንጆ ነው፣ ሁሉም ይመሰክራል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በዚያው በኩል አለፍኩ፤
ምክንያት አልነበረኝም፣ ዳቦ ልገዛ ነው አልኩ ለራሴ።
ሙሜ ባትሪውን ሳያጠፋ ደረሰ፣
ሲቲና ወገቧን ይዛ በዝግታ፤
ልጆቹ ደብተር አንጠልጥለው ወጡ።
በሩ ላይ ተላለፉ፣ ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ፣
አንዱ እንቅልፉን ጨርሶ፣ ሌላው ሊጀምረው።

ሁለት መቶ ያህል ባዶ ቅጽ ቀርቶኝ ነበር።
ቢሮ ገባሁ፤ ማስመሪያ አነሣሁ፤
ከሰባት ጎን፣ በየገጹ፣
አንዳንድ ትንሽ ሣጥን አሰመርኩ፦ ይውላል።
ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም እንደሚቆጥረው አላውቅም።

ምንተስኖት ሻይ ይዞልኝ መጣ፣
ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ አየ፤
ረጅም ጊዜ አየ።
«መስመሩ ጠማማ ነው» አለኝ።
ማስመሪያውን ግን አልወሰደብኝም።