ሰዓቱ የጠፋበት ሣጥን

ሌሊት ሲዘንብ አድሮ፣ መብራት ሄዶ መጣ፤
የማኅበሩ ማሽን ግን ከእንቅልፉ አልወጣ።
ጥቁር ገጹ ላይ ነጭ ፊደል ደርድሮ፣
እንደ ኩርፍተኛ ዘበኛ በሩን ከውስጥ ቆልፎ አድሮ፣
«ፍተሻው ከሸፈ» ይላል፤ «በእጅ ካልተፈተሽሁ
አልነሣም።» ፈንታነሽ በስልክ፦ «ነካክቼ ተውሁ።»

የሁለት መቶ አሥራ ሰባት አስጋሪ ቁጠባ፣
የመረብ ብድሩ፣ የዓሣው ሚዛን፣ ቀን በቀን የገባ፣
ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ግልባጭ አለ ወይ ስል፣
«ፍላሽ ላይ ነበረ፤ ልጄ ዘፈን ሞላበት፣ ምን ልበል?»

ሊቀ መንበሩ ይስማው፣ ቦት ጫማውን እንዳጠለቀ፣
ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ሞቀ።
«ይኸው ይጠይቅሃል፣ ‹ላስተካክል ወይ?› እያለ፤
ሁሉንም አዎ በለውና እንገላገል» አለ።

አይሆንም፣ ጋሽ ይስማው።
ያልገባን ነገር አዎ ማለት መረብን በጨለማ መቁረጥ ነው።
አንድ ጊዜ፣ ሐሙሲት፣ ለአንድ ጤና ጣቢያ አዎ፣ አዎ፣ አዎ አልሁ፤
ሲነጋ ስም የሌላቸው ሺህ ፋይሎች ከአንድ ማኅደር አገኘሁ፦
ቁጥር ብቻ። የማን እንደሆኑ የማይናገሩ፣
ማዕበል ዳር እንደተፋው መቅዘፊያ ባለቤት የማይጠሩ።

ስለዚህ በቀስታ። አስቀድሜ ዲስኩን ቀዳሁ።
ከዚያ የስሕተቱን ቃል በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ፤
«መጨረሻ የተከፈተበት ቀን ገና አልደረሰም» ይላል።
ሳቅሁ። ለካ ዲስኩ ደኅና ነው፤ ቀን ነው የጠፋበት፣ ዘመን ስቶታል።

ከሆዱ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሞታ ኖሮ፣
መብራት ሲጠፋ ዓመቱን ከነወሩ ዘንግቶ አድሮ፣
በእኛ ቆጠራ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ነቃ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት።
የትናንቷን ሒሳብ እንደ ነገ ሕልም ቆጠራት።

እጄን ሰበሰብሁ፣ ትንሽ።

በመስኮቱ ማዶ ጣና ነው፤ በዚህ ሣጥን ዘመን ግን
እንቦጭ ገና አልመጣም፤
ዓባይ ላይ ያለው ድልድይ አንድ ነው፣ ሁለተኛው አልታሰበም፤
የይስማው ጉልበት ደረጃ ሲወጣ አያመውም፤
እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ወደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ
ቀረሶ እየጠበቅሁ፣ ክሩን በአውራ ጣቴ ጠምጥሜ።

«ምነው ቆምህ?» አለ ይስማው።
«ምንም።»
ቀኑን ጻፍሁለት። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን።
እንቦጩንም፣ ድልድዩንም፣ ጉልበቱንም መለስሁለት።

ተነሣ። ፈንታነሽ ስሞቹን ቆጠረች፣
ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ ደግማ ቆጠረች።
ባትሪ ልገዛ ወጣሁ፤ «እስክመለስ እንዳይጠፋ» ብዬ፣
እሷ ገመዱን እንደ ሕፃን እጅ ይዛ ቀረች።