ቀሪ

እኔ ኢራሲልዳ ነኝ፣ የምክር ቤት ጸሐፊ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ስም ጠሪ፣ ስም ጻፊ።
ሰኞ በመጣ ቁጥር መነጽሬን ወልውዬ
እጀምራለሁኝ «ክቡር»፣ «ክብርት» ብዬ።

ዘጠኝ ወንበር አለን፣ ዘጠኝ የውሃ ብርጭቆ፤
ማራገቢያው ያቃስታል ከጣሪያው ተጣብቆ።
በመስኮቱ በኩል ታፓጆስ ይታያል፤
ወዲያ ማዶው ርቆ ባሕር ነው ያሰኛል።

«ክብርት ኔይዴ?»
          «አቤት።»
«ክቡር ራይሙንዶ?»
          «አለሁ።»
«ክቡር ኤቫሪስቶ?»
          ዝንብ ብቻ። እጠብቃለሁ።
ደንቡ ሦስቴ ይላል። ሦስቴ እጠራለሁ።
ከዚያ በቀይ ቀለም፣ ከስሙ ፊት ለፊት፣
አንዲት ቃል፦ ቀሪ። ጠባብ ናት ሣጥኒቱ፣ ትበቃታለች ግን ለእሱዋ ያህል ቤት።

አራቱ በፈቃድ ዋና ከተማ ናቸው፤
ደብዳቤ አላቸው፣ ምን እላለሁ፣ ይቅናቸው።
አራቱ ይመጣሉ፣ ዝናብ እየመታቸው፤
አምስተኛ ጠፍቶ ከንቱ ነው ድምፃቸው።

አጀንዳው ያው ነው፣ ከፋሲካ ጀምሮ፦
የተማሪዎች ጀልባ፣ ሞተሩ ተሰብሮ።
ዋጋው ተጠንቷል፣ ብሩም ካዝና አለ፤
አንድ የሚነሣ እጅ ነው፣ አንድ እጅ የጎደለ።

እሱ ቢቀር እንኳ ወረቀቱ አይቀርም፦
«ወገቡን አሞታል»፤ ማኅተም አይጠፋውም።
በሳምንቱ ጉልበት፣ ከዚያ ደግሞ ጆሮ፤
የሚስቱ ወንድም ነው ሐኪሙ፣ ለጋስ ነው ዘንድሮ።
ቅዳሜ ገበያ አየሁት በዓይኔ፣
ቁመቱን የሚያህል ዓሣ ተሸክሞ፣ ወገቡ ቀጥ ብሎ።
«እንዴት ነሽ?» አለኝ።
ደኅና ነኝ አልኩት። ምን ልበለው እኔ?

እህቴ ዙሌይዴ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች።
ማታ ከአንድ ጠረጴዛ መዝገብ እንዘረጋለን፤
እሷም በቀይ ትጽፋለች።
«ጃንዲራ፣ ቀሪ» ትላለች ለራሷ፣
«ጃንዲራ፣ ቀሪ»፤ ታርማለች በእርሳሷ፣
መልሳ ትጽፋለች።
ከወንዙ ማዶ ናት ልጅቱ።
በጀልባ ነበር የምትመጣው፣ በጠዋቱ።

ሰውየው ቀረና ሞተሩ ሳይጠገን ቀረ፤
ሞተሩ ቢቀር ጀልባው ከዳር ቀረ፤
ጀልባው ቢቀር ልጅቱ ቀረች፤
አንዲት ቃል ከእኔ መዝገብ ወጥታ
እህቴ መዝገብ ላይ አደረች።

ደንብስ ለሁሉም አለ። ለልጅ ሩብ ነው፣
ከዓመቱ ሩቡን የቀረች ክፍሏን ትደግማለች።
ለክቡሩ ሲሶ ነው፤ ከሲሶ ያለፈ
ወንበሩን ይልቀቅ ተብሎ ተጽፏል፣ እዚያው ተለጠፈ።
ቆጠርኩ። ከሃያ ሰባት ዐሥር።
ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ዐሥር።
ደብዳቤ አረቀቅኩ፣ አንቀጽ ጠቀስኩ፣
ለሊቀመንበሩ በእጄ አደረስኩ።

አነበበው፣ ሳቀ። «ልክ ነሽ፣ ኢራሲልዳ፤
ግን እሱን ለማንሣት አምስት እጅ ነው ዕዳ።
አምስተኛው ማነው?»
ወደ ወንበሩ አየሁ።
ወደ ወንዙ አየሁ።
ደብዳቤዬን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ።

ትናንት ሰኞ ነበር። ዝናብ። በሩ ተንኳኳ።
ጃንዲራ ናት፤ ብቻዋን ቀዝፋ በአጎቷ ታንኳ።
ረፋድ ላይ ተነሥታ፣ ጅረቱ አዙሯት፣
ጨለማ ላይ ደረሰች፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶባት።
«እዚህ መብራት አየሁ» አለች።
ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ታቅፋለች።
ባዶ ወንበር አይታ፣ ሄዳ ተቀመጠች።

ማን ይናገራት? ስም ጥሪ ላይ ነበርኩ።
«ክቡር ኤቫሪስቶ?» አልኩ።
ዝም።
«ክቡር ኤቫሪስቶ?»
እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ ያለች መስሏት፣
ለጎደለ ጓደኛ እንደሚመልሱት፦
«መምህር፣ ቀርቷል!»

ማንም አልሳቀም። ክብርት ኔይዴ ሻርፗን አወለቀች፣
ለልጅቱ አለበሰች።
ሦስተኛውን ጥሪ አልጠራሁም። ደንብ አፈረስኩ፣
በሃያ ሁለት ዓመት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።
ቃለ ጉባኤው ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ወንበር ቁጥር ሰባት፦ እርጥብ ነው።»