ድንጋዩ ሲቀርብ

ኢሴይን ከተማ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣
ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ገበያ ሳይገባ፣
የላሚዲ ድር ተዘርግቷል ሜዳው ላይ፣
ጫፉን የያዘለት አንድ ድንጋይ፤
ጣውላ ላይ ተጭኖ፣ ሃያ ክንድ ርቆ፣
ከሸማኔው ጋር በክር ተናንቆ።
ስንዝር ሲሸመን ስንዝር እየቀረበ፣
ስንት ሙሽራ ዳረ፣ ስንት ለቅሶ ታዘበ።
ሲሄድ ያየው የለም። ብቻ ይደርሳል።

“ሴት ጠባቡን ድር አትቀመጥበትም” ይሉ ነበር ድሮ፤
የሴት ድር ቋሚ ነው፣ ከግድግዳ ተደግፎ፣ በጓሮ።
ግን የላሚዲ ዓይን ደበዘዘ፣
እግሩም መርገጫው ላይ ፈዘዘ።
ሲምቢያቱ ከኢባዳን የሂሳብ ዲግሪዋን ይዛ መጣች፣
ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገች፣ አጣች፣
አንድ ጠዋት ቁጭ አለች።
ማንም ቁጭ በይ አላላትም።
ማንም ተነሽ አላላትም።

ክሩ ከላጎስ በጆንያ ይመጣል፣ ባሕር ማዶ ተፈትሎ፣
ወርቅ ሳይሆን ወርቅ መስሎ፤
የዱር ሐር ትሉን ቡኒ፣ ሳንያን የሚሉትን፣
አሮጊቶቹ ናቸው የሚያውቁት ሽታውን።
ትዕዛዙ በዋትስአፕ ነው፦ “ልክ እንደ ፎቶው ይሁን ቀለሙ።”
ሲምቢያቱ ስልኩን ወደ ፀሐይ ታዞራለች፣ ወደ ጥላ ታዞራለች፣
የቱ ነው ፎቶው?

ትናንት አዪንኬ የምትባል ሴት ከአቤኦኩታ መጣች፣
የእናቷን ጨርቅ በፌስታል ይዛ።
ኤቱ ነው፤ ጅግራ ማለት ነው በነሱ፣
ደጋግሞ የተነከረ ሰማያዊ፣ ሌሊት የሚያህል፣
ነጭ ፍንጣቂ ጣል ጣል ያለበት።
“ልጄ ልትዳር ነው” አለች።
“ፋብሪካ ገልብጦልኝ ነበር፣ ይኸው።
ልክ ነው። ግን አይደለም።”

ላሚዲ የአሮጌውን ስፌት በምላጭ ተረተረ፣
ጥብጣቡን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ መረመረ፤
ሰባተኛው ላይ ቆመ።
አንዲት ነጭ ክር ቦታዋን ለቃ
ከጎረቤቷ ቤት ገብታለች።
“እኔ ነኝ” አለ። “ዝናብ መጣና
ድሩን ስንሰበስብ ተደናገርኩ።
አባቴ አላየም።”
ከዚያ ሳቀ፣
አርባ ዓመት የደበቀውን ሳቅ።

በፋብሪካው ግልባጭ ላይ ክሯ ቦታዋ ላይ ናት።

በሳምንቱ አዲሱ ድር ሲዘረጋ ሲምቢያቱ ቆጠረች፦
ሰባተኛው ጥብጣብ፣ ከዳር አሥራ አንደኛዋ።
“አባባ፣ ላርማት ወይስ ልተዋት?”
መልስ አልሰጠም።
ክሩን በመዳፉ እየዳበሰ ሜዳውን ተሻገረ፣
ድንጋዩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋው፣
ድሩ ተወጠረ።

መወርወሪያውን ለቀቀችው።
ድንጋዩም
አንድ ጣት
መጣ።